ለማያውቀው ሰው ያለቀሰው ኑርሁሴን

ኑርሁሴን ሞተ የሚባለውን ወሬ አልቀበልም። ተቃውሞዬን በዚሁ ገጽ ላይ በይፋ አስታውቃለሁ። ትናንት ደውሎ «ጉልበትህ አለ ወይስ ሸጥከው?» እያለ ሲሰድበኝ የነበረ ሰው ዛሬ ቀትር ላይ ሊቀበር አይችልም። ሕግ አለ፣ ሥርዓት አለ።

ግን ተቀበረ። እኔም አልደረስኩም።

እኛ ፀዳ፣ ከጎንደር አፍንጫ ሥር፣ ከትናንት ጀምሮ መብራት የለም፤ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነበር። የኑርሁሴን ልጅ ሲደውል ሲደውል ቆይቶ በመጨረሻ ሰው ላከብኝ። በባጃጅ እየበረርኩ ከተማ ስገባ ሰዉ ከመቃብር እየተመለሰ ነው። «አባባ፣ አለቀ እኮ» አለኝ አንዱ ጎረምሳ። አለቀ! እንደ ዳቦ።

ወዳጆቼ፣ ብዙዎቻችሁ አታውቁትም። በጃንሆይ ጊዜ ኑርሁሴን አባቱ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ ቀጭን ጎረምሳ ነበር። እኔ ደግሞ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ማኅተም የምመታ ጸሐፊ ነበርኩ፤ መንግሥት የቆመው በእኔ ክንድ ይመስለኝ ነበር። ሁለታችንም አንድ በሽታ ነበረብን። እሑድ ሲሆን ወደ ደባርቅ በምትሄደው ማኪና ተሳፍረን ኮሶዬ ላይ እንወርድና በጥዱና በወይራው መሀል፣ በገደሉ አፋፍ፣ ስንሄድ እንውላለን። ከዚያ በምትመለሰው ማኪና ወደ ቤት።

ዛሬ ለዚህ ነገር ልዩ ጫማ ይሸጥለታል። ያኔ ስሙ ሥራ ፈትነት ነበር። ጭላዳ ዝንጀሮው ራሱ ሣሩን እየነጨ ቀና ብሎ ሲያየን «እነዚህስ ቤት የላቸውም?» የሚል ይመስል ነበር።

ስንቃችን ሁሌ ቆሎ ነው። እሱ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፤ የአንዳችን ሥጋ ለሌላችን አይሆንም። ስለዚህ የፋሲካም ማግስት ይሁን የዒድ፣ ተራራ ላይ ጾመኞች ነን።

እሱ ደግሞ መጥገብ አያውቅም። ቆሎውን አላልኩም፣ ዳገቱን ነው። አንዱን ጉብታ በስንት መከራ እንወጣና ከማዶ ሌላ ያያል። «ከደረስን አይቀር ያችን ደሞ እንያት» ይላል። እኔ «ማኪናዋ ታመልጠናለች!» ብዬ ስጮህ እሱ ሄዷል።

አንድ የጥቅምት እሑድ ነጭ ጋቢያችንን ለብሰን ኮሶዬ ላይ ልንወርድ ስንነሳ፣ አጠገባችን የተቀመጡ እናት ከንፈራቸውን መጠጡ። «ምነው ልጆቼ፣ ማን ሞቶባችሁ ነው?» የከተማ ሰው ያለ ለቅሶ እዚያ አይወርድማ!

ስቀን ወረድን። ጥቂት እንደሄድን ግን አንድ ሽማግሌ ገበሬ መንገዱ ላይ ቆሞ ጠበቀን።

«ለተሰማ ለቅሶ ናችሁ?»

ኑርሁሴን እኔን አየ፣ እኔ ኑርሁሴንን። «የለም፣ ተራራ ልናይ ነው» ብንል ማን ያምነናል? መሬት ሊለኩ የመጡ የመንግሥት ሰዎች ናቸው ተብለን በዱላ ነው የምንሸኘው።

«አዎ፣ አያ» አለ ኑርሁሴን።

«በሉ ኑ፣ እኔም ወደዚያው ነኝ።»

ምን ይደረጋል! ተከተልነው። ደጁ ላይ ስንደርስ በጆሮው «አሁን ምን ልንሆን ነው?» አልኩት።

«ከደረስን አይቀር እናልቅስ» አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሰውዬው አለቀሰ! ይሉኝታ ሳይዘው፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ ተሰማ የሚባለውን ሰው አንድ ቀን እንኳ በዓይኑ ሳያየው አለቀሰ። እኔ ጋቢዬን ፊቴ ላይ ጥዬ እንባ ብፈልግ የመጣልኝ ሳቅ ነው። ደግነቱ ከውጭ ለሚያይ አይለይም፤ ትከሻ ትከሻ ነው።

የሟቹ ሚስት ቀና ብላ አየችን። «ከጎንደር ድረስ!» አለች ለጎረቤቶቿ። «ሰው የለውም ስትሉት አልነበር? ይኸው! ከጎንደር ድረስ የሚመጣለት ሰው ነበረው!» ብላ ወገቧን አቅንታ ተነሳች። የእኔም ሳቅ እዚያው ደረቀ።

ንፍሮ ሰጡን። ንፍሮ ሃይማኖት አይለይም፤ በላን። ማኪናዋ አመለጠችን።

በእግራችን ስንመለስ «አንተ ሰው፣ ለማን ነው ያለቀስከው?» አልኩት።

«ሴትዮዋን አላየሃትም?» አለኝ።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ዛሬ ያመለጠኝ። በስህተት የገባበት ቤት ለቅሶ ደርሶ ያለቀሰ ሰው፣ እኔ ወዳጁ ለእሱ አልደረስኩም። ከሩቅ፣ ከኮላ ድባ የመጡ እንኳ ደርሰዋል አሉኝ። ኮላ ድባ! እኔ ከፀዳ ተነስቼ አልደርስም! ልጁ ሊያጽናናኝ «አብሽር አባባ፣ እሱ ያውቅልሃል» አለኝ። ምኑን ያውቃል? የሞተ ሰው ምን ያውቃል? የሚያውቅ ቢሆን መች ዝም ይለኝ ነበር፤ እስካሁን ስንቴ በሰደበኝ!

ማሾፉም ዛሬ እምቢ አለኝ። አፌ የለመደውን ይለፈልፋል፣ እኔ ግን ውስጡ የለሁም።

ኑርሁሴን ወንድሜ፣ መቃብርህ ዳገት ላይ ነው አሉ። ነገ ሰው ደግፎኝ እወጣለሁ። ብወጣስ ምን ልሠራ? ሥራውን ሌሎች ጨርሰውታል። ሸጋው ሰው፣ በሰላም ሂድ። እነዚያ ሁሉ ሰዎች እፍኝ እፍኝ አፈር አልብሰውህ፣ እጃቸውን እያራገፉ ሲመለሱ አይቻቸዋለሁ። እኔ ይህን ስጽፍልህ እጄን አየዋለሁ።

ንጹሕ ነው።