ፍየል አይቆጠርም

ሰው ሁሉ በእጁ ይሠራል፤ እኔ ኮሮና እስኪመጣ ድረስ የሠራሁት በፊቴ ነው። ጂንካ ውስጥ የማደንዘዣ ባለሙያ ሆኜ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ለቀዶ ሕክምና የሚገባን ሕፃን ማስተኛት የእኔ ሥራ ነው፤ ሕፃን ደግሞ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት የሚሰጠውን ሰው ማመን አለበት። ጉንጬን እነፋለሁ፣ ዓይኔን አንሸዋርራለሁ፣ ይህ ሁሉ ካልሆነ ፍንጭቴን አወጣለሁ። ፍንጭቴ ሰፊ ነው፤ እናቴ "በሬ ያሳልፋል" ትለው ነበር። ምላሴን በእሱ ሳሾልክ ያልሳቀ ሕፃን አላስታውስም። ቀዶ ጥገና የሚሠራው ሐኪማችን "ኬታሚኑን ለራስሽ ነው እንዴ የወጋሽው?" እያለ በማደንዘዣ መድኃኒታችን ያሾፍብኝ ነበር።

ከዚያ ኮሮና መጣና ፊቴን ወሰደብኝ። ማስክ፣ ከማስኩ በላይ መነጽር፣ ከመነጽሩ በላይ ደግሞ መከለያ። ይላካል የተባለው መከለያ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ሲቀር፣ አሮጌ የራጅ ፊልም እያጠብን እኛው ሠራነው። የእኔው ግንባሬ ላይ አልረጋ ስላለኝ በሰፊ ነጭ ፕላስተር ለጠፍኩት። ሐኪሙ ቢጫ የዝናብ ልብስ ነበር የሚያጠልቀው። የጽዳት ሠራተኛችን ሰማያዊ ጋውን በረኪና ሲፈናጠቅበት ከርሞ በነጭ ነጠብጣብ ተሞልቷል። አንድ ቀን በመስተዋት ራሴን ሳየው ደነገጥኩ። ሕፃናቱማ ምን ይፈረድባቸዋል!

በዚያ ሰሞን አንዲት ስድስት ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ ነበረችን። ከቀይ አፈር ከተማ ወዲያ ካለ የበናዎች መንደር አባቷ ነበር የሚያመጣት። መዳህ ስትጀምር እሳት ላይ ወድቃ የቀኝ እጇ ጣቶች ከመዳፏ ጋር ተጣብቀዋል። ቆዳው ቶሎ ካልተላቀቀ አጥንቱ እንደታጠፈ ያድግና እጁ እጅ መሆኑ ይቀራል። የመጀመሪያ ቀጠሮዋ በደረሰበት ሳምንት "አስቸኳይ ካልሆነ በቀር ቀዶ ሕክምና አይሠራም" ተባለ። አባቷ ይዟት ተመለሰ።

ሁለተኛውን ቀጠሮ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ ገና ከበሩ ስታየን አባቷ ጀርባ ተሸጎጠች። ፊት የለኝም፣ እንግዲያው በወሬ ልያዛት አልኩ። የከተማ ልጅ "ስንት ወንድም አለሽ? ስንት እህት አለሽ?" ሲሉት ይፈታል። እዚህ ደግሞ ከፍየል የተሻለ ምን ወሬ አለ?

"ስንት ፍየል እንዳላቸው ትቁጠርልኝ በያት" አልኳት የጽዳት ሠራተኛችንን። እሷ የበና ልጅ ስለሆነች አስተርጓሚያችን ነበረች።

"ሲስተር፣ ይሄ ጥያቄ ባይጠየቅ ይሻላል።"

"ተርጉሚ ስልሽ ተርጉሚ!"

ችኩል ነኝ፤ ይህን ጂንካ ሁሉ ያውቀዋል። ተረጎመችው። የአባትየው ፊት ጠቆረ። ልጅቷም የአባቷን ፊት አየችና ለቅሶዋን ለቀቀችው።

ያን ጊዜ የሕፃን ለቅሶ ተራ ነገር አልነበረም። ሲያለቅስ አፍንጫው ይፈሳል፣ ሳልም ይከተላል። አፍንጫው እየፈሰሰ የሚያስል ልጅ በማደንዘዣ ጊዜ ትንፋሹ ሊታፈን ስለሚችል ድሮም ያስፈራናል፤ አሁን በዚያ ላይ ኮሮና ይጠረጠራል። ሲጠረጠር አፍንጫው ውስጥ እንጨት ገብቶ ናሙና ይወሰዳል፤ እንጨቱ ሲገባማ ለቅሶው ሌላ ነው። እኛን አይታ አለቀሰች፣ ስላለቀሰች ጠረጠርናት፣ ስለጠረጠርናት ደግመን አስለቀስናት። ውጤቱ "የለባትም" ብሎ እስኪመጣ ቀጠሮው አለፈ።

አባቷ ሲሄድ እኔ ፊት ቆመና "አንድ ጊዜ ብቻ ደግሜ እመጣለሁ። ከዚያ በቃኝ" አለ። አነጋገሩ ቁጣ የለበትም፤ እሱ ነው የከበደኝ። የሰው ልጅ እጅ በእኔ ምላስ ሊቀር ነው እያልኩ ስብሰለሰል ሰነበትኩ።

ከሐኪሙም ጋር ተጣላሁ። ለአንድ ደቂቃ ብቻ፣ ከሩቅ ሆኜ ማስኬን ላውልቅላት ብዬ ለመንኩት።

"አንቺ ብትታመሚ ማን አለን?" አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ማደንዘዣ የምንሰጠው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን። እውነቱን መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ።

በሦስተኛው ቀጠሮ ጠዋት አባትና ልጅ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። መጀመሪያ ያየሁት አፍንጫዋን ነው። ደረቅ ነው። ይህ አፍንጫ እንደደረቀ ከገባ እጇ ይፈታል፤ ካለቀሰች ግን አባቷ ሁለተኛ አይመጣም። ራቅ ብዬ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ምን እንዳጠፋሁ ግን አሁንም አላወቅሁም።

"ፍየል አይቆጠርም" አለኝ አባትየው፣ በገበያ በለመዳት አማርኛ። "የቆጠርሽው ያልቃል።"

"ሳትቆጥሩ አንዷ ብትጠፋ በምን ታውቃላችሁ?"

"በመልኳ ነዋ! ቡላዋ የለችም፣ ቦቃዋ የለችም እላለሁ።"

"ልጅቷ የምትፈራኝ እኮ ፊቴን ስላላየች ነው" አልኩት።

"ፊት ምን ያደርጋል? አንቺ ፍየልን በፊቷ ነው የምታውቂያት?"

ሶዶ ከተማ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ፍየል የማውቀው በጥብስ ነው።

ይህን ስንባባል የጽዳት ሠራተኛችን ባልዲዋን ይዛ በአጠገባችን አለፈች። ልጅቷ ከአባቷ ትከሻ ኋላ አጮልቃ አየቻትና አንድ ቃል ተናገረች። አባትየው ሳቀ፤ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

የጽዳት ሠራተኛችን ባልዲዋን አስቀመጠች። "ኧረ ጉድ! ሲስተር፣ ዥጉርጉሯ ፍየል መጣች አለችኝ እኮ!" በሳቅ ፈረሰች። በረኪና የነጠበበትን ጋውን አይታ ነው።

"እኔስ? እኔ ምን ነኝ? ጠይቂልኝ!"

ልጅቷ ግንባሬ ላይ የተለጠፈውን ነጭ ፕላስተር አተኩራ አየችው። ከዚያ ፈረደች። ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት ፍየል ነኝ፤ ቦቃ። ሐኪሙን ከውስጥ ጠርተን አመጣነው፤ ቢጫ ልብሱን ገና ከሩቅ ስታይ ቡላ አለችው።

"ይህን ሁሉ ዓመት ተምሬ ፍየል ሆኜ ቀረሁ" አለ ሐኪሙ። ግን በጣም ደስ ብሎታል፤ ሄዶ ለነርሶቹ ሁሉ አወራው።

ግራ እጇ ላይ መርፌ ስንተክል ከንፈሯን ነከሰች እንጂ አላለቀሰችም። ወላጅ ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ቀይ መስመር ማለፍ ተከልክሎ ስለነበር አባቷ እዚያው ቆመ። ከኋላዋ በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገራት።

"ምን አላት?" አልኳት የጽዳት ሠራተኛችንን።

"ፍየሎችሽን ይዘሽ ግቢ አላት።"

ይዛን ገባች። ዥጉርጉሯ ከፊት፣ ቡላው ከጎን፣ እኔ ከኋላ። ጠረጴዛው ላይ ስትተኛ፣ ቤት የቀሩትን ትጥራልኝ አልኩ። ትቁጠር አላልኩም። በየመልካቸው ትጠራቸው ጀመር፤ የጽዳት ሠራተኛችን እግሯ ሥር ቆማ ትተረጉምልኛለች። ጥቁሯ። ነጯ። ዳለቻዋ፣ አመድ የምትመስለው። እኔ ኬታሚኑን ቀስ እያልኩ ሰጠሁ። ቀይዋ ዳማ ላይ ስትደርስ ድምጿ ቆመ። ኬታሚን ዓይን ሳያስከድን ነው የሚያስተኛው፤ ዓይኗ ግንባሬ ላይ እንዳለ ቀረ።

አፍንጫዋን አየሁ። ደረቅ ነበር! ከመከለያው ሥር፣ ማንም በማያየኝ ቦታ፣ ፍንጭቴን እስከ መጨረሻው ገልጬ ሳቅሁ።

መድኃኒቱ ሲለቃቸው ሕፃናት የሌለ ነገር ያያሉ፤ ብዙዎቹም ይጮኻሉ። እሷ ግን ጣሪያውን እያየች በቀስታ ታጉረመርማለች። "ፍየሎቹ ጣሪያ ላይ ወጥተውባታል፣ ውረዱ እያለቻቸው ነው" አለች ዥጉርጉሯ። ቀኝ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተቀምጧል።

ፋሻው ሲፈታ እኔ አልነበርኩም። እኔ ራሴ ኮሮና ይዞኝ ቤቴ ተዘግቶብኝ ነበር። ለሐኪሙ ደውዬ እጇ እንዴት ነው ስለው "አሪፍ ነው" አለኝ፤ እሱ ግን የገዛ ሥራው ሁሉ አሪፍ ነው። ስመለስ አባትና ልጅ አገራቸው ገብተዋል። እኛ ግን ፍየል ሆነን ቀረን። ከዚያ በኋላ የመጣ ሕፃን ሁሉ ከማንጎው ሥር ሆኖ ስም ያወጣልናል፤ ከኦሞራቴ የመጣ አንድ የዳሰነች ልጅማ ሐኪሙን በሬ ብሎት ሹመት ሰጠው። ይህ ሁሉ ሳቅ እያለ፣ የዚያችን ልጅ ጣቶች አለማየቴ እንደ እሾህ ውስጤ ነበር።

ማስክ ካወለቅን ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ሐሙስ ቀይ አፈር ገበያ ወረድኩ። አባትየውን ከፍየል ሻጮቹ መሀል አወቅሁት። አጠገቡ አንዲት ቁመቷ የተመዘዘ ልጅ የፍየል ገመድ ይዛ ቆማለች። ሮጬ ሄድኩ፤ ከእነ ሙሉ ፊቴ፣ ከእነ ፍንጭቴ፣ ያለኝን ሁሉ ይዤ ሳቅሁላት።

አላወቀችኝም። ጉንጬን ነፋሁ፤ ወደ አባቷ ጠጋ አለች። ዓይኔን አንሸዋረርኩ፤ ይባስ አለች። እውነቱን ልናገር፣ ከፋኝ። ያ ሁሉ ሕፃን የሳቀለት ፊት ለእሷ የእንግዳ ሰው ፊት ነው።

ከዚያ ነጭ መሐረቤን አጥፌ ግንባሬ ላይ ለጠፍኩና በእነሱ ቋንቋ "ቦቃ" አልኳት። የተማርኳት ቃል እሷው ናት።

ልጅቷ ገመዱን ለቀቀችው። ቀረብ ብላ ቀኝ እጇን ዘረጋችና ግንባሬ ላይ አሳረፈችው፤ ጠባሳው ይሻክራል፣ መዳፉ ግን ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል። ፍየሏ ወደ ሽንኩርት ሻጮቹ ስትሮጥ አባትየው እየጮኸ ተከተላት። እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ዓይኔን ጨፍኜ ግንባሬ ላይ ያረፉትን ጣቶች አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። አምስት ናቸው። ጣት መቁጠር አይከለከልም።