ሳይቆፈር የቀረው ዋልካ

በመጀመሪያው ሴሚስተር ስለ አፈር የተማርነው እስከ ውሃ ድረስ ነበር። የእርሻ ኮሌጁ መምህራችን ተክል በሥሩ የሚወስደው ምግብ በውሃ ካልሟሟ እንደማይገባለት በሰሌዳው ላይ ሥለው አሳዩን፤ እኔም ሥዕሉን በሁለት ቀለም ገለበጥኩት። በፈተናው ያንኑ ጽፌ ጥሩ ውጤት አገኘሁ። የጥር ዕረፍት ሲደርስ ደብተሬን ይዤ ድሬ ጠያራ፣ አባቴ ቤት ሄድኩ።

አባቴ ሁለት ማሳ ጫት ነበራቸው። የላይኛው ድንጋያማ ስለሆነ ብዙ አይሰጥም። ቤቱን ያቆመው የታችኛው ነው፤ አያቴ የተከሉት፣ ውሃ አምቆ በሚይዝ ጥቁር ዋልካ አፈር ላይ ያለ፣ የምንጩ ቦይ የሚደርሰው። ሸዋ በር ገበያ የሚሄደው ጫት፣ የእኔ ደብተርና የታናናሾቼ ልብስ ሁሉ የሚገኘው ከዚያ ነበር።

በዚያ ዓመት ቅጠሉ ቢጫ ማለት ጀመረ። አባቴ ማሳው ዳር ወስደውኝ፣ "እስቲ ተመልከቺው፤ መጽሐፉ ምን ይላል?" አሉኝ። ማንበብ አይችሉም፤ ከዚያ በፊት ስለ ጫት አንዳች ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም። አላውቅም ማለት ከበደኝ።

"ምግብ አንሶታል፤ ምግቡን የሚያደርሰው ደግሞ ውሃ ነው" አልኩ።

በእኛ አገር ጫት በበጋ አንድ ጊዜ ውሃ ከጠጣ በኋላ ቦዩ ይዘጋል። አፈሩ ጠፈፍ ሲል ጎረቤት በጉዛ፣ ማለትም በደቦ፣ ተጠራርቶ እየዘፈነ የየረድፉን መሐል በዶማ ይቆፍራል። ከዚያ በፊት ሁለተኛ ውሃ አይለቀቅም። ለምን እንደሆነ የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ዶማ ቀጫጭን ሥሮችን ይቆርጣል፣ የተገለበጠ አፈርም እርጥበቱን ያጣል ብዬ ጉዛውን እንዲያስቀሩ፣ ውሃውንም በየሁለት ቀኑ እንዲለቁ ነገርኳቸው።

አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ዶማቸውን ተሸክመው መጡ።

"ጉዛው ዛሬ አይደለም እንዴ?"

"ዘንድሮ አይቆፈርም፤ ልጅቷ ተምራ መጥታለች" አሉ አባቴ።

ሽማግሌው ቦዩን ሞልቶ አዩት። "ሱብሐነላህ። ታዲያ ጫቱን ዋና ልታስተምሪው ነው?"

አባቴ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። "አያ፣ ጠግቦ ያዩታል" አልኳቸው።

"ኢንሻ አላህ። የጠገበም ሰው ግን ይተነፍሳል" ብለው ተመለሱ።

ዕረፍቱ ሲያልቅ ቢጫው አልቀነሰም። ውሃውን እንዳያቋርጡ፣ ከገበሬ ማኅበሩ ያገኙትንም ማዳበሪያ እንዲጨምሩበት ለአባቴ አደራ ብዬ ሄድኩ።

በመጋቢት መምህራችን ሁለተኛውን ክፍል ጀመሩ። በአፈር ቅንጣቶች መሐል ያለውን ክፍተት ውሃና አየር ይጋሩታል አሉ። ውሃው ሁሉንም ከሞላው ሥሩ መተንፈስ ያቅተዋል፤ ያልተነፈሰ ሥር ደግሞ ምግብ የሚስብበት ጉልበት ያጣል። ምግቡ አጠገቡ ሟሙቶ እያለ ተክሉ ይራባል፤ ቅጠሉም ቢጫ ይሆናል። ዋልካ ላይ ይብሳል። እጄ መጻፉን አላቆመም፤ ሁሉንም ቃል በቃል ገለበጥኩት።

ቅዳሜ በአውቶቡስ ሸዋ በር ወርጄ የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ውሃው አሁንም በቦዩ ይወርዳል። አባቴ አደራዬን አንድ ቀን እንኳ አላጓደሉም። ቅጠሉ ግን ረግፏል። አንዱን ግንድ ከሥሩ ጫርኩት። አፈሩ እንደ ሊጥ ይይዛል፤ ሥሩ ጠቁሮ ልጡ በጣቶቼ መሐል ተላጠ። እንደተበላሸ እንቁላል ይሸታል።

"አባ፣ ውሃውን ይዝጉት" አልኩ።

"ጠገበ?"

"እኔ ነኝ ያጠፋሁት። የተማርኩት ግማሹን ነበር።"

"ሌላው ግማሽ ምን ይላል?"

"መቆፈር ነበረበት ይላል።"

"እሱንማ እናውቀው ነበር" አሉ፤ ያለ ቁጣ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቦዩን ዘጋን። ነገር ግን የበልጉ ዝናብ ተከተለ፤ ዋልካው ጠፈፍ ሳይል ግንቦት አለቀ። እንደገና ያቆጠቆጠ ግንድ አልነበረም።

በሰኔ ፈተና ጨርሼ ስመጣ ጉዛ ተጠርቶ አገኘሁ። አባቴ በየቤቱ ዞረው ለምነው ነው፤ ያስቀሩትን ጉዛ መልሰው መጥራት እንዳልቀለላቸው አውቃለሁ። ሁሉም መጡ። ሽማግሌውም መጡ፤ ጫቱን ዋና ስለማስተማር ያሉትን ቀልድ አላነሱም። አያቴ የተከሉትን በየረድፉ እየቆፈሩ ነቀሉት፤ ለማገዶ እንዲሆን ዳር ላይ ከመሩት። የጉዛ ሰው ሳይዘፍን ሲቆፍር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቀትር ላይ አባቴ ባዶው ማሳ መሐል ቆመው ጠሩኝ።

"አሁንስ ምን እንትከልበት?"

"አላውቅም፣ አባ።"

የምቀጥል መስሏቸው ጥቂት ጠበቁ።