የሽቶ ሻጯ አፍንጫ

ፍየል አትወድም ማለት አይበቃም፤ ትጸየፋለች። ዕድሜዋን ሙሉ ሽቶ ስትሸጥ የኖረችን ሴት፣ ባሏ ከአውቶቡስ ሹፌርነት ጡረታ በወጣ ማግስት ከከተማ አምጥቶ ፍየል መሀል ጣላት። የመንደሩ ሰው ይህን ሲሰማ ስም ለማውጣት አልዘገየም፤ ከዚያ ወዲህ «እትዬ ሽቶ» ናት።

የሚያስጠላት ብዙ ነው። ደጃፉ ላይ እንደ ጥቁር ባቄላ የተዘራው በጠጥ። ባልዲው ውስጥ የሚንሳፈፈው ፀጉር። በስስ ጨርቅ ታስሮ ከመስኮቱ ብረት ላይ የተንጠለጠለው፣ አጓቱን እንደ ሕፃን ንፍጥ የሚያዝረበርበው አይብ። ከሁሉም ከሁሉም ግን አውራው ፍየል። ይህ ፍጡር ወቅቱ ሲደርስ የገዛ ጢሙ ላይ ይሸናል፤ ሸንቶም እንደ ሙሽራ አንገቱን ቀና አድርጎ ይንጎራደዳል። ባሏ ደግሞ «ጌታው» እያለ ይጠራዋል፣ ጠዋት ጠዋት ያበጥረዋል።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔን አበጥረህ ታውቃለህ?» አለችው አንድ ቀን።

«አንቺ መች ዝም ብለሽ ትቆሚያለሽ!»

«ጢሜ ላይ ብሸና ኖሮ ማበጠሪያ ይዘህ ትከተለኝ ነበር።»

«መጀመሪያ ጢም አብቅይ» ብሎ እየሳቀ ሄደ።

ዘንድሮ ግን ባሏ የሚሠራው አይብ በእውነት ተበላሸ። ቀመሰችና ተፋችው። የፍየል ጣዕም አልነበረም፤ የአውራው ጢም ነበር።

«ይሸታል» አለችው።

«ለአንቺ ምን የማይሸት አለ?»

ከመጣች ጀምሮ ውሃውንም፣ ብርድ ልብሱንም፣ ንፋሱንም ይሸታል ስትል ከርማለች። ለእውነተኛው ሽታ የምታወጣው ቃል አልተረፋትም።

አይቡን የሚረከበው ባለ ምግብ ቤት ግን እንደ እሷ ስለ ሁሉም ነገር የሚነጫነጭ ሰው አልነበረም። እሱም መለሰው። «ጋሼ፣ አይቀየሙኝ፣ ደንበኞቼ ሽታውን አልቻሉትም። ቅዳሜ ልምጣና እዚሁ ልቅመሰው፤ ካልሆነ ግን ይቅርብን።»

ባሏ ያን ምሽት እራት አልበላም። «እሱም ከተወኝ ፍየሎቹን ሸጬ ወደ ከተማ እንመለሳለን። ደስ ይበልሽ» አለ።

ደስ አላት። ደረጃ ያለው ቤት ታያት፤ ዝናብ ያጠበው አስፋልት፣ መደርደሪያ ላይ በፀሐይ የሚያበሩ ጠርሙሶች። ከእሷ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነው። የሽታውን ምክንያት እንደሆነ ታውቀዋለች። አውራውን ባበጠረበት እጅና ባቀፈበት ግራጫ ኮት ገብቶ ያልባል። ቅባት ያለው ነገር ሽታ እንደሚጠጣ ሽቶ ሻጭ ካላወቀች ማን ሊያውቅ ነው?

ዓርብ ጠዋት ልብስ ስታሰጣ የሚያርር ወተት ሸተታት። ሮጣ ገባች። ባሏ ምድጃው ላይ አጎንብሶ ቆሟል፣ አፍንጫው ድስቱ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው።

«ኧረ አረረ!»

«ምኑ?» አለ ቀና ብሎ። የእውነቱን ነበር የጠየቃት።

ምድጃውን አጠፋችና አየችው። «አልሸተተህም?»

ማማሰያውን አስቀምጦ ዱካው ላይ ተቀመጠ። «ዘንድሮ ከያዘኝ ክፉ ጉንፋን ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ሳሙናም፣ ጌታውም፣ ምንም።»

«ለምን አትነግረኝም?»

«ልንገርሽና ‹በል ሽጣቸው› እንድትዪኝ? የአንቺን ፊት እያየሁ ነበር የምሠራው። አፍንጫሽ ሲሸበሸብ ተበላሽቷል እላለሁ። ያንቺ አፍንጫ ግን ተዘርግቶ አያውቅ፤ በምን ልለይ?»

ታዲያ እሁድ እሁድ ጆሮዋ ሥር የምትነካካትን የሽቶ ጠብታ «ዛሬስ ገደልሽኝ!» ሲል የከረመው? ውሸታም። ትዝ አላት፣ ገና በወጣትነቱ ሱቋ ገብቶ፣ የመሥሪያ ቤት ሸሚዙን እያሸተተ፣ «ይህን የናፍጣ ሽታ የሚደብቅ ነገር አለሽ?» ብሏት ነበር። በሕይወቷ ያልተጸየፈችው ክፉ ሽታ እሱ ብቻ ነው። አልሸጠችለትም።

«ኮትህን አውልቅ» አለችው።

«ለምን?»

«ጌታህን ያቀፍክበትን ኮት አውልቅ አልኩህ! ከዛሬ ጀምሮ መጀመሪያ ታልባለህ፣ ከዚያ ከፈለግህ ሄደህ ሳመው።»

አውራውን ራሷ በገመድ እየጎተተች፣ ምራቋን እየተፋች፣ ከቤቱ ጀርባ አሰረችው። ባልዲውን በፈላ ውሃ አጠበች። የቀረውን አይብ ለውሻው ብትሰጠው አሽትቶ ጀርባውን አዞረባት። ባልየው ማታ በታጠበ እጅና በንጹሕ ሸሚዝ አለበ፤ አዲሱ አይብ ሲንጠባጠብ አደረ።

ቅዳሜ ጠዋት ጨርቁን ፈትቶ አፍንጫዋ ሥር አቀረበላት።

«እህ?»

«ያስጠላል።»

«እሱንማ አውቃለሁ። እንደ ጌታው ነው ወይስ እንደ ሴቶቹ?»

ድሮ ጠርሙስ ስትለይ እንደምታደርገው ዓይኗን ጨፍና ደግማ አሸተተች። እንደ አውራው በሆነና በተገላገልኩ ብላ ተመኘች። አልነበረም።

«እንደ ሴቶቹ» አለች፣ ጨርቁን ከፊቷ እየገፋች።

ባለ ምግብ ቤቱ ቀመሰ፣ ደገመ፣ በየሳምንቱ እንዲያደርሱለት ጠየቀ። ባሏ እንደ ልጅ ሳቀ። እሷ ግን ጓዳ ገብታ አፍንጫዋን በሳሙና ታጠበች፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም ያው ባልዲ እንድታሸትለት አፍንጫዋ ሥር እንደሚመጣ አውቃ፣ ደግማ ታጠበች።