ከግድግዳው ሥር የተደረደሩ ጆንያዎች

ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያዎቹ ያሉበት ሰፈር አቧራው ከሰው ደረት አይወጣም። ጫኝና አውራጅ ሆኜ ጉልበቴን የጨረስኩት እዚያ ነው። ከፎገራ ሜዳ በጋሪና በአይሱዙ የሚመጣውን ሩዝ እናወርዳለን፣ የተፈለፈለውን ደግሞ ለነጋዴው መኪና እንጭናለን። ደመወዝ የለን፣ ጡረታ የለን፣ ቀጣሪዬ ብለን የምንከሰውም ሰው የለን። የነበረን የጆንያ ሰልፍ ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። ሸክሙ ትከሻችንን እንዳይልጠው እያንዳንዳችን አጥፈን ከራስ እስከ ጀርባ የምንደፋው አሮጌ ጆንያ አለን። ጆንያዎቹ ከመፈልፈያው ግድግዳ ሥር በተራ ይቀመጣሉ። ሥራ ሲመጣ የፊተኛው ሰው ጆንያውን ደፍቶ ይሸከማል፣ ሲጨርስ ከሰልፉ ጫፍ መልሶ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሆነ ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም። ማታም እዚያው ያድራሉ፤ ያንን ቡትቶ ማን ይሰርቀዋል።

ሰው ሲታመም ጆንያው ከሰልፉ አይወጣም። ተራው ሲደርስ ከኋላው ያለው ሰው ይሸከምለታል፤ ድርሻው ማታ ቤቱ ይደርሰዋል። ጆንያውን ከሰልፉ ማንሳት የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው። ካነሳው ሥራውን ትቷል ማለት ነው፤ ለምን ብሎ የሚጠይቀው የለም።

እኔ የወደቅኩት ወደ መኪናው መውጫ በተጋደመው ሳንቃ ላይ ነው። ዝናብ ነክቶት ነበርና አዳለጠኝ፤ ኩንታሉ ወገቤ ላይ አረፈ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ሸክም የሚባል ነገር እርሳው አለኝ። ይህንኑ ለባልንጀሮቼ ነገርኳቸው፤ እንዳልሰሙ ሆነው ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ።

በዚያ ክረምት ባለቤቴ በሰው ማሳ ሩዝ ስታርም፣ ጭቃ ውስጥ አጎንብሳ ትውላለች። እኔ ተጋድሜ ጣሪያ ሳይ እውላለሁ። ሲመሽ ድርሻዬን ይዞ የሚመጣው ሰው ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ይመለሳል። የማመሰግንበት ቃል አለቀብኝ። የሰው ላብ እየበሉ መክረም አንገሸገሸኝ፤ እሷንም ያለ ጥፋቷ እቆጣት ጀመር።

አንድ ቀን ሲብሰኝ በከዘራ እየተደገፍኩ ወደ መፈልፈያው ሄድኩ። በሰልፉ ከእኔ ቀጥለው ያሉት አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ መጀመሪያ ሸክም ያስለመዱኝም እሳቸው። ስደርስ የእኔን ተራ ተሸክመው ሳንቃው ላይ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ የበላሁት የእሳቸውን ጉልበት መሆኑን እያወቅኩ፣ ሳየው ግን አላስቻለኝም። ሸክማቸውን ጥለው ሲወርዱና ጆንያዬን ከሰልፉ ጫፍ ሲያስቀምጡት፣ ላነሳው ጎንበስ አልኩ። እሳቸው በእግራቸው ረገጥ አደረጉት።

«ተወው እንጅ አንተ» አሉኝ። «ዛሬ አፍረህ ያንተን ብታነሳ ልማድ ይሆናል፤ ነገ የኔን ማን ይሸከመዋል?»

ጆንያዬን ትቼ ተመለስኩ።

ክረምቱ ወጣ፣ ሜዳው ላይ የተኛው ውሃም ሸሸ፣ የሩዝ አጨዳ ደረሰ። መፈልፈያው ደጅ መኪና በመኪና በሆነበት ሰሞን ሽማግሌው ደረታቸውን አመማቸውና ተኙ። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ የሚጦራቸው ልጅም የላቸውም። ከእሳቸው ኋላ ያለው ከአንበሳሜ በኩል የመጣ፣ ሰልፉን ገና የተቀላቀለ አዲስ ሰው ነው፤ እሱም የልጆች አባት ነው። በሕጋችን መሠረት የእኔም የሽማግሌውም ተራ እሱ ላይ ወደቀ።

ልጠይቃቸው ሄጄ ስመለስ በመፈልፈያው በኩል አለፍኩ። ሰውየው የእኔን ተሸከመ፣ ቀጥሎ የሽማግሌውን፣ መጨረሻ ላይ የራሱን። ጨርሶ ሲመለስ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። አላማረረም፤ ቢያማርር ይሻለኝ ነበር። ትንሽ ተንፍሶ ተነሳና ሦስቱን ጆንያዎች በየተራቸው ደረደረ። የሁለት ሰው ዕዳ ይዞ አጨዳውን እንደማይዘልቅ ያየው ሁሉ ያውቃል። ሲደክመው ደግሞ ሁለታችንንም ይተወናል። እኔ ሌላው ቢቀር ሚስት አለችኝ።

ሄጄ ጆንያዬን አነሳሁ። የምቀመጥበት ያጣሁ ያህል ነው የተሰማኝ። ሰውየው ለምን አነሳህ አላለኝም። ጎንበስ ብሎ የሽማግሌውን ጆንያ ወደ ክፍተቱ ሳብ አደረገው።

ባለቤቴ ጆንያውን በብብቴ ይዤ ስገባ አየችና ገባት። ስንት ጊዜ ቁጣዬን ችላ ያለፈችው ሴት ያን ሰሞን አኮረፈችኝ። እውነት አላት። ዞሮ ዞሮ ሸክሙ የሚያርፈው የእሷ ወገብ ላይ ነው።

ቋሚ ገቢ የሌላቸውን ሠራተኞች መንግሥት ሊደግፍ፣ ሥራም ሊያስይዝ ነው ሲባል ሰምቼ ወረዳው ቢሮ ሄድኩ። አግዳሚ ወንበር ላይ ስጠብቅ ወገቤ ነደደ። ተራዬ ሲደርስ ያነጋገረችኝ ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች ልጅ ናት፤ ሰው አክባሪ ናት፣ ክፋት የላትም። ስለ ዶሮ እርባታ ሥልጠና ነገረችኝ፤ መቼ እንደሚጀመር ግን እሷም አታውቅም። ቀጥላም እስከ ዛሬ ቢታመሙ የሚደርስልዎት ዋስትና ነበረዎት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ነበረኝ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። እንዲህ የሚላት ሰው አጋጥሟት አያውቅም መሰለኝ።

«ታዲያ ለምን ተዉት?» አለችኝ።

«ለሚሸከሙት ሰዎች ከበዳቸው» አልኳት።