ጆሮው የተቆረጠው ገራፊ

መርካቶ፣ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ

ሱቄን ሳልከፍት የዋልሁበት ቀን ጥቂት ነው። ዛሬ ግን ቁልፉን ሁለት ጊዜ ጎትቼ አረጋገጥሁና ጋቢዬን ተከናንቤ ወጣሁ። የምሄደው ኮልፌ ነው። ለእናንተ ቅርብ ይመስላችሁ ይሆናል፤ ለነጋዴ ግን ደንበኛውን ትቶ የሚሄድበት አገር ሁሉ ሩቅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሸጠው አሮጌ ዕቃ ነው፦ መስቀል፣ ጋሻ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል። ከስድስት ወር በፊት ሥዕል የሚያመላልስልኝ ደላላው ተሰማ፣ ጌታ ሲገረፍ የሚያሳይ የጨርቅ ሥዕል አመጣልኝ። "የጎንደር ዘመን ሥራ ነው፤ ገዳም ውስጥ ተጠቅልሎ የኖረ" ብሎ ማለልኝ። አሁን አንድ ፈረንጅ አስተማሪ ወደ አገሩ ሊወስደው ፈልጓል። ሙሴው አማርኛ ተምሯል፤ "አንቱ" የሚለው ትምህርት ላይ ግን ገና አልደረሰም። "አንተ ሐቀኛ ሰው ነህ፤ ቅዳሜ እመጣለሁ፤ አሮጌ ነው ካልከኝ እወስደዋለሁ" አለኝ። በንግድ ዘመኔ ሐቀኛ ያለኝ እሱ ብቻ ስለሆነ እንቅልፍ ነሳኝ።

ትናንት ሥዕሉን አውርጄ አሸተትሁት። የባሕር ዛፍ ጭስ ይሸታል፤ አዲስ ሥዕል አሮጌ እንዲመስል በጭስ የሚያጠቁሩ አሉ። ባሕር ዛፍ አገራችን የገባው አያቴ ጎልማሳ ሳሉ ነው፤ የጎንደሩ መነኩሴ ከየት አምጥቶ አጨሰው? አንድ አቡጀዲ ሻጭ ደግሞ ተሰማ ኮልፌ አንዲት ሠዓሊ ቤት እንደሚመላለስ ሹክ አለኝ። ሥዕሉ የተሰረቀ ከሆነ እታሰራለሁ፤ የውሸት ከሆነ እዋረዳለሁ። የቱ እንደሚሻል እያወጣሁ እያወረድሁ ጋሪ ላይ ወጣሁ።

መሳለሚያ፣ ፀሐይ ስትወጣ

ባለጋሪው ስሙኒ ብዬ ሃምሳ ሳንቲም ያስማማኝ ሰው ነው፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው አላመንሁትም። መንገዱ ጭቃ ነው። ከማዶ ከሰል የጫኑ አህዮች ይመጣሉ፤ ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ያልፋሉ። ያው የባሕር ዛፍ ሽታ! አገሩ በሙሉ የኔን ሥዕል ይሸታል።

"ጌታዬ፣ ኮልፌ ምን ሊያደርጉ ነው?" አለኝ ባለጋሪው።

"ቆዳ ልገዛ።"

ዞሮ አየኝና ሳቀ። "ቆዳ ገዢማ ከሩቅ ይሸታል። እርስዎ የሚሸቱት ናፍታሌን ነው።"

ከዚያ ወዲያ እስክንደርስ ድረስ ጋቢዬን እያሸተትሁ ሄድሁ።

ኮልፌ፣ ረፋድ ላይ

ድንች የሚሸጡ እናቶች፣ አዳዲስ ቆርቆሮ ቤቶች፣ በየአጥሩ ሥር ፍየል። አንድ ሱቅ ደጃፍ የተቀመጡ ሐጂ ዘንድ ቀረብ ብዬ ሠዓሊዋን ጠየቅሁ።

"አስካለን ነው? እንቁላል የምትጨርስብንን!" አሉ። "አስኳሉ ለቀለም፣ ነጩ ለኛ ልጆች። በጾማቸው ወራት እንኳ ትገዛለች። ቄሱ ሰምተው ሊቆጧት መጥተው ነበር፤ ሲያዩ ለማርያም ቀሚስ ቀለም ኖሯል።"

በጾም እንቁላል የምትገዛ ሴት! ጥርጣሬዬን አጥብቄ ይዤ በሯን አንኳኳሁ።

ወይዘሮ አስካለ ነጠላዋን ወገቧ ላይ የጠመጠመች፣ እጆቿ እስከ ክርኗ ቀለም የነኩ ሴት ናት። ፍየል ቆዳ እንዳላት ጠየቅኋት። "ይግቡ፣ ይፈልጉ" አለችኝ፤ ከልቧ አልመሰለኝም።

ክፍሉ ጭቃ ልስን ነው፤ ግድግዳው ላይ ጋዜጣ ተለጥፏል። አንድ ትልቅ መስኮት አለ፤ ሥሩ ዱካ። በቲማቲም ጣሳ ቀይ፣ በቅባት ቆርቆሮ ሰማያዊ፤ ከፍየል ጠጉር የታሰረ ብሩሽ። እኔ የምፈልገው ጭስ ነበር። ጣራውን አየሁ፤ ጥላሸት የለም። ምድጃ የለም። ጨርቁን ቀስ ብዬ አሸተትሁ፤ እንቁላል ብቻ። ግን ሥዕሎቹ በሙሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተደርድረዋል። የተሰረቀ ዕቃ እንደዚህ ነው የሚቀመጠው፤ አውቃለሁ።

"ለምን ዞሩ?"

አንድ በአንድ ገለበጠቻቸው። ከአንዱ በቀር ዓይን የላቸውም። "ዓይን የምሠራው መጨረሻ ነው" አለች። "ሰውየውን ሳላውቅ አንድ ልስጠው ሁለት በምን አውቃለሁ? እስከዚያ ዓይን የሌለው ሰው ፊት አይቆምም።"

ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ በየቤተ ክርስቲያኑ አይቼዋለሁ፤ ደግ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሣላል፣ ክፉ በጎን ባንድ ዓይን። በጥግ በኩል ባለው ሥዕል ላይ ግን አንድ ዓይኑ ያለቀለት ገራፊ ቆሟል። አለንጋውን አንሥቷል። የጆሮው ጫፍ ተቆርጧል።

ተሰማ! በባርኔጣ የሚሸፍነው የደላላው የተሰማ ጆሮ! ሱቄ ውስጥ የተሰቀለው ገራፊም እሱ ራሱ ነው። ሰውየው ራሱን በብብቱ ይዞ መጥቶ፣ "የጎንደር ዘመን" ብሎ ሸጠልኝ!

"አሁን አወቁት?" አለች አስካለ። "ሱቅዎን እኔም አውቀዋለሁ፣ ጋሼ ቆዳ ገዢ። ተሰማ ከኔ ሲገዛ ለሙሽሮች ቤት ነው ይል ነበር። አንድ ገበያ ቀን በደጅዎ ሳልፍ አንድ የቀድሞ ሥራዬ በጭስ ጠቁሮ፣ 'ጥንታዊ' ተብሎበት አየሁ። በሚቀጥለው ላይ ለገራፊው የተሰማን ጆሮ ሣልሁለት፤ የሚያይ ሰው ካለ ብዬ። እርስዎ ዘንድ ምን ያህል ጊዜ ቆየ?"

"ስድስት ወር ያህል... በየቀኑ አየዋለሁ።"

"አየዋለሁ አይበሉ እንግዲህ።" ድምፅዋ ቀነሰ። "በሞተ ሰው ስም ስትሸጡኝ ከነነፍሴ ቀበራችሁኝ እኮ። ቄሱ እንኳ ሥራሽን አሳዪኝ ሲሉኝ፣ ያለቀውን ተሰማ ስለሚወስደው የማሳየው ዓይን የሌለውን ብቻ ነው።"

ያኔ ነው እጇ ሥር ያለውን ቁራጭ ጨርቅ ያየሁት፤ እኔ ጣራ ጣራ ሳይ እሷ በከሰል ስትሞነጫጭር ኖሯል። ጋቢዬ ነው። ጺሜም ነው። አንድ ዓይን አለኝ፤ አፍንጫ የለኝም።

"ባንድ ዓይን!" አልሁ። "ሳንቲም ላይ ጃንሆይም እኮ ባንድ ዓይን ናቸው!"

"እሱን ያሉት እርስዎ ነዎት" አለች ወደ በሩ እያየች። እኔም አብሬ ወደ በሩ አየሁ። ማንም የለም፤ ቢሆንም ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

"አንድ ዓይን ለማንም ይገባዋል" አለች ቀጥላ። "አፍንጫዎ ወደ ጎን ይዙር ወይስ ወደ ፊት የምወስነው ለሙሴው የሚሉትን ሰምቼ ነው።"

"ስለ ሙሴው ማን ነገረሽ?"

"ተሰማ። ሥዕሉ ሲሸጥ ቅዳሜ ድርሻዬ ይከፈለኛል ብሎ ሌላ አዝዞኝ ሄዷል።"

ሱቄ፣ ቅዳሜ

ተሰማ ማልዶ መጥቶ ከሥዕሉ ሥር ተቀምጧል፤ ባርኔጣው ጆሮው ድረስ። ሙሴው ገባ።

"እሺ፣ አሮጌ ነው?"

ተሰማ ጠቀሰኝ። ምላሴ ሁለት ጊዜ "አሮጌ" ለማለት ተነሣች፤ የለመደችው ነዋ። አፍንጫዬን አሻሸሁ።

"ሙሴ፣ አዲስ ነው። የሣለችው ወይዘሮ አስካለ ትባላለች፤ ኮልፌ ነው ያለችው፣ ደህና ናት። ካላመኑኝ ገራፊውን ይጠይቁት" ብዬ የተሰማን ባርኔጣ አነሣሁ።

ሙሴው ወደ ላይ አየ፤ ወደ ታች አየ፤ ጆሮና ጆሮ አስተያየ።

"እንጀራህን በእግርህ ረገጥህ!" አለኝ ተሰማ እየወጣ።

ሙሴው ግን ገና ሥዕሉን ያያል። መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ወደ ሥዕሉ ተጠጋ። ቆይቶ "ሰኞ አንተ ወደ እሷ ትወስደኛለህ" አለኝ።

ያንኑ ባለጋሪ ቀጥሬዋለሁ። ሙሴው ሠዓሊዋን ሊያይ ይሄዳል። እኔ ደግሞ እሷ በሣለችኝ ጨርቅ አፍንጫዬ ወዴት እንደዞረ ላይ እሄዳለሁ፤ ሳላይ የማንንም ቃል አላምንም።