ጫማውን ረስቶ የመጣ ቀን

አባቴ ከቤተ ክርስቲያን በባዶ እግሩ መጣ። ጥቅምት ነበር። ሲገባ በር ላይ ያወለቀውን ጫማ ሲወጣ ሳያደርገው፣ ያን ሁሉ የኮረት መንገድ ወርዶ ቤት ገባ። ተረከዙ ተሰንጥቆ ይደማል። እናቴ ደንግጣ ጮኸች፤ እሱ ጎንበስ ብሎ እግሩን የሌላ ሰው እግር ይመስል አየው። እኔ ሳቅሁ። ይኸን ስጽፍ አሁንም ያንገበግበኛል፤ ሳቅሁ።

አባየ መሪጌታ ነው፤ እዚሁ ጎንደር በአንድ ደብር ድጓ ያስተምራል። የዓመቱን የቤተ ክርስቲያን ዜማ በሙሉ በቃሉ ይዞታል። ሰባቱንም አጽዋማት ይጾማል፤ በፍስክም ቢሆን ሥጋና ወተት ከተወ ዓመታት ሆኖታል።

ከዚያ ወዲያ ሕመሙ ቀስ እያለ መጣ። ጣቶቼን መርፌ ይወጋኛል፣ ስራመድም ጥጥ የምረግጥ ይመስለኛል አለ። ጤና ጣቢያ ደሙን አይተው ትንሽ የደም ማነስ አለ፣ ለበለጠ ምርመራ ሆስፒታል ይሂዱ ብለው ወረቀት ጻፉለት። ወረቀቱን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። በቦርሳዬ ይዤው ዞርኩ። ወረፋ መያዝ ታከተኝ፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ሰናይት የምትባል፣ አብራኝ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰች ልጅ ማራኪ ሰፈር ተከራይታ ትኖራለች። ክፍሏ ውስጥ ሰው እየሰበሰበች የቫይታሚን እንክብል ትሸጣለች። «ለነርቭና ለአንጎል» ትላለች፤ ፈተና ለደረሰበት ተማሪ፣ ለሚረሳ ሽማግሌ፣ ለሚደነዝዝ እግር፣ ለሁሉም ያው አንድ ጠርሙስ። የአባቴን ነገር ስነግራት ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ምን ይበላል፣ ሐኪም ምን አለ ብላ አልጠየቀችኝም። እኔም የጠየቅኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጾም ነው ወይ?

«ከዕፅዋት ነው፤ መነኩሴም ይወስደዋል» አለችኝ።

የነቢያት ጾም ገብቶ ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ በጠርሙሱ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ወተት ይላል? አይልም። ቅቤ? የለም። ሥጋ? የለም። በቃ፣ ዘጋሁት። ውስጡ ያለው ምንድን ነው ብዬ ማየት አልታሰበኝም።

አባየ በየቀኑ ሁለት ሁለት ዋጠ። ጥር ላይ ጤና ጣቢያ ደሙ እንደገና ታየ፤ ደም ማነሱ ጠፍቷል። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። የሆስፒታሉን ወረቀት ቀደድኩት። ለእናቴ የጽዋ ማኅበር ሴቶች ስለ ጠርሙሱ መሰከርኩ፤ ሦስቱ ገዙ።

እግሩ ግን አልተመለሰም። ይባስ ብሎ ቃል ይጠፋው ጀመር። ተማሪዎቹ ፊት የጀመረውን ዜማ መሀል ላይ አቁሞ ዝም ይላል። እነሱም አንገታቸውን ይደፋሉ፤ የኔታን ማረም ነውር ነው። ጎረቤቱ አስደግመውበት ነው እያለ አንሾካሾከ። ሰናይት መጠኑን ጨምሪለት አለችኝ። ጨመርኩለት።

የሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት። ከቀትር በኋላ። ምሕላ ላይ ቆሟል። ዐይኑን ጨፈነ። ወደቀ። መቋሚያውን እንደያዘ ወደቀ። ግንባሩ ተፈነከተ። ቤት ሲያመጡት በሞተችው እህቱ ስም ጠራኝ።

በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድኩት። ጠርሙሱንም ያዝኩ።

ዶክተሩ ወጣት ነው። አባየን እግሩን አጋጥሞ አቆመውና ዐይንዎን ይጨፍኑ አለው፤ አባየ ተንገዳገደ። ቀጥሎ ሹካ የምትመስል ብረት መትቶ የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ላይ አኖራት።

«ይነዝርዎታል፣ አባቴ?»

«ድምፅዋ ሸጋ ነው» አለ አባየ። «እግሬ ግን አላወቃትም።»

ዶክተሩ አልሳቀም። ደም አስመረመረ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት። በጣም ዝቅ ያለ። የእግሩ ነርቮች ተጎድተዋል፤ ፔሪፈራል ኒውሮፓቲ ይባላል። ሰረሰሩም ተነክቷል። ቃል የሚያጠፋበትም ይኸው ነው። ቫይታሚኑ በሥጋ፣ በወተትና በእንቁላል እንጂ በእህልና በጎመን እንደማይገኝ፣ ሰው ሲያረጅ ደግሞ ሆዱ ያገኘውንም በደንብ እንደማይቀበል አስረዳን። ጠርሙሱን ሰጠሁት። አገላብጦ አነበበው።

«ቢ12 የለበትም። ፎሊክ አሲድ የሚባል ሌላ ቫይታሚን ግን በብዛት አለበት። እሱ ደሙን አስተካከለ፤ ነርቩን አላዳነም። የሚያስጠነቅቀንን ምልክት ነው የሸፈነብን።»

ከኅዳር እስከ የካቲት። በእኔ እጅ።

አባየ የሰማው ሌላ ነው። መርፌ ሲታዘዝለት ክንዱን ሰበሰበ። ከሥጋ የሚገኝ ነገር በሁዳዴ ደሜ ውስጥ አይገባም፤ ከፋሲካ በኋላ ይሁን አለ። ዶክተሩ በቆየ ቁጥር ነርቩ ላይመለስ እንደሚችል ነገረው። አባየ ራሱን ነቀነቀ። ለመንኩት። እምቢ አለ። ተቆጣሁት፤ አባቴን ስቆጣ የመጀመሪያዬ ነው።

«ድጓህ ከጠፋ በኋላ ፋሲካን በምን አፍህ ትቀበለዋለህ?»

ዶክተሩ ወንበሩን አስጠጋ።

«አባቴ፣ ይኸ መርፌ ከሥጋ አልወጣም። ፋብሪካ ውስጥ ዐይን የማያያቸው ባክቴሪያዎች ናቸው የሚሠሩት። የጾም ነው።» የእኔን ጠርሙስ አነሣ። «የጾም ያልሆነስ ይኸ ነው። የእንክብሉ ቅርፊት ጀላቲን ይላል፤ ከከብት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የሚወጣ።»

አባየ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ከኅዳር ጀምሮ ስታስገድፊኝ ነበር እንዴ?» አለና ክንዱን ዘረጋ።

መርፌው መጀመሪያ በየቀኑ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ነበር፤ አሁን በየወሩ ነው። ከፋሲካ በኋላ የንስሐ አባቱ በፍስክ ቀን ወተት እንዲጠጣ አዘዙት፤ ፊቱን እያጨማደደ ይጠጣል። መጀመሪያ የተመለሰው ቃሉ ነው፤ እግሩ ግን ክረምቱን ሙሉ እናቴና እኔ ግራና ቀኝ እየደገፍነው ግቢ ውስጥ ሲመላለስ ከርሞ ነው የጠነከረ፤ አውራ ጣቶቹ ዛሬም እንደደነዘዙ ናቸው፤ ዶክተሩም ሁሉም ይመለሳል ብሎ አልዋሸንም። ተማሪዎቹን ደግሞ ስሳሳት ዝም ያለ ከፊቴ አይቀመጥ ብሏቸዋል።

ማራኪ ሄጄ ሰናይትን አገኘኋት። እኔ ሐኪም ነኝ እንዴ፣ ፈልገሽ አይደል የወሰድሽው አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ይኸ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ። ሐኪም ካልሆነች መጠን ጨምሪ ያለችኝ በምን ሥልጣኗ ነው? ከገዙት ሦስት ሴቶች ሁለቱን እጃቸውን ይዤ አስመረመርኳቸው። ሦስተኛዋ ተስማምቶኛል ብላ አኩርፋኛለች። ታኩርፍ፤ ነገም እሄዳለሁ።

ዶክተሩን፣ ያን ሁሉ መርፌ በትዕግሥት የወጉትን ነርሶች፣ አንድ ቀን እንኳ አንቺ ነሽ ያላለችኝን እናቴን አመሰግናለሁ። እናንት እግሩ የደነዘዘ ሰው ቤታችሁ ያለ፣ ጾም ይቅር አላልኩም። ሥጋና ወተት ለዓመታት የተወ ሰው ግን ቢ12ን ይለካ፤ ዋናው ይኸ ነው። የምትውጡትን ሁሉ፣ የጾም ነው የተባለውንም፣ ይዛችሁ ለሐኪም አሳዩ። የተጻፈላችሁን ወረቀት ቦርሳ ውስጥ አታስተኙ። ደም ተስተካከለ ማለት ነርቭ ዳነ ማለት አይደለም።

ባለፈው እሑድ አባየ ከቅዳሴ ሲመለስ በር ላይ ቆሞ አንድ ጫማውን አወለቀና ያራግፍ ጀመር።

«ምነው አባየ?»

«ጠጠር ገብቶብኝ፤ መንገዱን ሙሉ ሲወጋኝ መጣ» አለ እየተነጫነጨ።

ጠጠሩን ከመሬት አንሥቼ አየሁት። ከምስር ፍሬ አይበልጥም።