እትዬ እስቲ እና በተራ የተጠሩት ሥዕሎች

ዛሬም የብስኩት ቆርቆሮ ሲንኳኳ ከሰማሁ ጀርባዬ ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ ድምፁ ከረጅሙ ኮሪደር ጫፍ ይነሣና ቀስ እያለ ወደ ሥልጠናው ክፍል ይቀርባል። በቆርቆሮው ውስጥ ሕፃናት የሚደራርቧቸው የእንጨት ቁርጥራጮች ነበሩ፤ ተሸካሚዋ ደግሞ አሠልጣኛችን። ድምፁ በራፉ ላይ ሲደርስ ስድስታችንም ወሬያችንን እንውጣለን።

አሠልጣኛችን ሐኪም አልነበሩም። ሠላሳ አንድ ዓመት በክትባት ክፍል ያገለገሉ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ነርስ ነበሩ። ሆስፒታሉ የሕፃናትን እድገት መመርመርና ከወላጅ ጋር መነጋገርን ለእኛ ለወጣት ሐኪሞች እንዲያስተምሩ ሲመድባቸው፣ ቀጭኑ ባልደረባችን «ነርስ ሐኪም ልታስተምር! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» ብሎ አጉረመረመ።

ቅጽል ስሙን ያወጣንላቸውም እኛው ነን፤ እትዬ እስቲ። «ልጁ ደህና ነው» ስንላቸው «እስቲ?» ይላሉ። «እናቲቱ ገብቷታል» ስንል፣ አሁንም «እስቲ?»። ቀጭኑማ «ትናንት ራሴን አመመኝ ብላቸው እስቲ ብለው ግንባሬን ዳሰሱኝ፤ እኔም ራሴን ተጠራጥሬ ተሻለኝ» እያለ ያስቀን ነበር።

ይህ አመል ከየት እንደመጣባቸው በመጀመሪያው ቀን ነግረውናል። በወጣትነታቸው አንዲት እናት ልጇ አልናገር እንዳላት ብትነግራቸው፣ «ወንድ ልጅ አፉ ይዘገያል፤ ታገሺ» ብለው ሸኟት። እናቲቱ ታገሠች። ከሦስት ዓመት በኋላ አሁንም አፉን ያልፈታውን ልጇን ይዛ ተመልሳ መጣች፤ እሳቸውን ግን ቀና ብላ አላየቻቸውም። «ከዚያ ወዲያ» አሉን፣ «የሰውንም የራሴንም "ደህና ነው" አላምንም።»

እኛ ደግሞ እሳቸውን አላመንናቸውም። ከኋላችን ተቀምጠው በሰማያዊ ደብተር ይጽፋሉ። ለማን? «ለሆስፒታሉ ኃላፊ ነዋ!» አለ ቀጭኑ። አንድ ቀን ወጣ ሲሉ ደብተሩን ገለጥነው። «ቀጭኑ ሐኪም ልጁን አንድ ጊዜ፣ ሰዓቱን ሰባት ጊዜ አየ» ይላል። ቀጭኑ ክው አለ። «ቆይ፣ ቀጭኑ እንደምባል ማን ነገራቸው?» ብሎ አንድ በአንድ ገላመጠን። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርስ በርሳችንም መጠራጠር ያዝን።

በመጨረሻው ሳምንት ተራው የእኔ ሆነ። አንድ ልጅ በእሳቸው ፊት መርምሬ ውጤቱን ለእናቱ መንገር ነበረብኝ። እናቲቱ የሁለት ዓመት ተኩል ልጇን አቅፋ ገባች። ምንጣፉ ላይ ስትቀመጥ ዓይኗ ከወረቀቴ አልተነቀለም።

«ይሄ ወረቀት ከዚህ ወዴት ይሄዳል?»

«መዝገብ ቤት።»

«ከመዝገብ ቤትስ?»

«የትም አይሄድም።»

«የትም የማይሄድ ወረቀት ለምን ይጻፋል?»

ፈገግ አልሁና ሥራዬን ጀመርሁ። ልጁ እንጨቶቹን ደረደረ። አራቱን የሥዕል ካርዶች በየተራ ሳሳየው «ድመት፣ ኳስ፣ ጫማ፣ ወንበር» አለ። አራት ጊዜ ምልክት አደረግሁና በደስታ «ልጅሽ ደህና ነው» አልኋት።

«እስቲ?» አለ ከኋላዬ ያ ድምፅ።

እትዬ እስቲ ጉልበታቸውን ይዘው ምንጣፉ ላይ ወረዱ። ካርዶቹን በዋወዙና የወንበሩን ሥዕል አስቀድመው አሳዩት። ልጁ «ድመት» አለ። ጫማውን ሲያሳዩት «ኳስ»። ዓይኑ ካርዱ ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ነበር። ያን ጊዜ እኔም ትዝ አለኝ፤ አራተኛውን ካርድ ገና ሳልገልጥ «ወንበር» ብሎ ነበር። እኔ ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተክዬ የሰማሁትን እመዘግብ ነበር። እነዚያው ሥዕሎች በዚያው ተራ በተጠባባቂዎች አዳራሽ ተለጥፈዋል። እናቲቱ ሦስት ቀጠሮ እዚያ ተቀምጣለች።

ፊቴ ጋለ። «ለምን ታታልይናለሽ?» አልኋት።

እትዬ እስቲ ጉልበቴን ጫን አደረጉት፤ ዘግይተዋል። እናቲቱ ልጇን ወደ ደረቷ ሳበች።

«አውቄዋለሁ! የባሌ እህት ልጅ ላይ እንዲሁ ጻፉበት። ከዚያ አፀደ ሕፃናቱ እናቱን ቦታ ሞልቷል አላት። ከእሷ ኋላ የመጡት ግን ገቡ። በኔ ልጅ ላይ በወረቀት በር አታዘጉበትም!»

አሁን «እስቲ» ይሏታል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላሏትም። «ማን አስተማረው?» ብለው ጠየቋት።

«እኔ ነኛ።»

«ስንት ጊዜ ፈጀብሽ?»

«አራት ወር። በየቀኑ፣ ልብስ ሳጥብም፣ ሳሰጣም።»

«በስሙ ስትጠሪውስ ይዞራል?»

እናቲቱ የልጇን ጆሮ ዳሰሰች።

«ጆሮው ከብዶት ነው እል ነበር» አለች ድምፅዋን ቀንሳ። «ግን የበር ደወል ከጓዳ ሰምቶ ይሮጣል።»

«ይሄን እኛ አላወቅንም፤ ያወቅሽው አንቺ ነሽ። አራት ወር ሙሉ የለፋሽው ልፋት ቀላል አይደለም የኔ እህት። ግን ብቻሽን ነው የለፋሽው። ሐሙስ የንግግር ባለሙያዋ ትመጣለች፤ አብረን እንየው።»

«ወረቀቱስ?»

እትዬ እስቲ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ሰጧት። «ካንቺ ጋር ይቆይ።»

«ሲስተር፣ ኃላፊው ሲጠይቅ…» አልሁ።

«ይጠይቀኝ፤ አፍ አለኝ።»

እናቲቱ ወረቀቱን ገልብጣ አየችው። ቀጥላም ጭኔ ላይ የቀሩትን ባዶ ቅጾች አንድ በአንድ እያነሣች አየቻቸው። «ቅጂ የለውም?»

«የለውም» አሉ እትዬ እስቲ።

ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ጉያዋ ከተተችና በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። «ሐሙስ ይቺም ትኖራለች?»

«ካልፈለግሻት አትኖርም።»

ከእግሬ እስከ ራሴ ጊዜ ወስዳ አየችኝ። እኔም መሬት መሬቱን አየሁ።

«ትኑር» አለች በመጨረሻ። «ግን እስክሪብቶ አትያዝ።»

ልጇን አንሥታ ታቅፋ፣ ደህና ሁኑ ልትለን ቀርቶ ዞር ብላም ሳታየን ወጣች።